በማር የተነከረ ጣት

ልቃቂቱ ከበዳት።

ጥጥ እንዲህ አይከብድም። ታየች ፊቷን ሳትለውጥ በመዳፏ አገላበጠችው። የጎንደር ቅዳሜ ገበያ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከፊቷ መሬት ላይ የተቀመጠችው ዙህራ፣ ከእስላም ሰፈሩ ከአዲስ ዓለም የመጣችው ፈትል ነጋዴ፣ እንደ ማንኛዋም ሻጭ ዕቃዋን ታደራጃለች።

«ቀይ ነው የተላከልሽ» አለች ዙህራ አንገቷን ሳታቀና።

ልቃቂቱ ላይ ቀጭን ቀይ ክር ዞሮበታል። ቀይ «ቀጥዪ» ማለት ነው። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ታየች ዛሬውኑ ከተማውን ለቃ ትጠፋ ነበር።

«ውስጡስ?»

«መስተዋት። ሰውየውን ያገኘሽ ዕለት ከአፋፉ ላይ ሆነሽ ወደ ደባርቅ አብሪ። የሚያይ ሰው አለ።»

«ሌላ?»

«ሌላማ፣ ለፈረንጇ አትሳቂላት። ፈረንጅ ከሳቁለት ቤት ይገባል፤ ከገባ ደግሞ አይወጣም። አይተነዋል።» ከዚያ ዙህራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ኧረ በይ፣ ካልገዛሽ አስቀምጪው! ምነው በእጅሽ አቆሸሽሽው!»

ጥላ ወደቀባቸው።

«ምን ገዛሽ?»

ኢርማ ነበረች። በአማርኛ ነው የጠየቀችው። ቁመቷ ከገበያተኛው ሁሉ ይበልጣል፤ ፀሐይ የላጠው አፍንጫዋ ቀልቷል። ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይላሉ። እጇን ዘረጋችና ልቃቂቱን ከታየች መዳፍ አነሳችው። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

ታየች ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ሸጋ ጥጥ» አለች ኢርማ። መለሰችላት።

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ዙህራ ግን አልሳቀችም።

ለጎንደር ሰው ኢርማ ከቪየና የመጣች የአበባ ሠዓሊ ናት። የሰሜን ተራሮችን ወጥታ ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል ልትሥል ነው፤ ለዚህም እንግሊዝኛ የምታውቅ አስተርጓሚ ቀጥራለች። በታየች የስለላ መሥሪያ ቤት ግን ሴትዮዋ «ሽመላ» ናት። አስተርጓሚዋ ደግሞ «እንሶስላ»። ሁለቱንም ስሞች ያወጣቸው «ዋርካ» የሚባለው አለቃዋ ነው።

ዋርካ ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ዘግቶ የሚውል ሰው ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታው አታውቅም። ጉዳዩን በአጭሩ ነበር የነገራት። ሰጠኝ የሚባል የጦሩ የሬዲዮ ሠራተኛ ከድቶ ተራራ ላይ ተሸሽጓል። የመንግሥት ምስጢራዊ መልእክት የሚፈታበትን ቁልፍ በቃሉ ይዞታል። ሽመላ የመጣችው እሱን በዛሪማ በኩል ወደ ሱዳን ለማሻገር ነው።

«የተራራ ሰው እንግዳውን አሳልፎ አይሰጥም» ነበር ያላት ዋርካ። «ሞክረን አፍረን ተመልሰናል። እሷ ግን ታገኘዋለች። አንቺ እህት ሁኚላት።»

«ከተገኘ በኋላ እሷስ ምን ትሆናለች?»

«ምን እናደርጋታለን? አውሮፕላን ላይ አሳፍረን፣ እጅ ነስተን እንሸኛታለን።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

እህት መሆን ግን እንደ ትእዛዙ ቀላል አልሆነም።

እስከ ደባርቅ በጭነት መኪና ሄዱ። ከዚያ በበቅሎ። ባለ በቅሎው አለነ ይባላል፤ ከንፈረ ቀጭን፣ ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው ነው። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ልጆች ካብ ላይ ተንጠልጥለው ጮኹ።

«ጣሊያን! ጣሊያን መጣች!»

ድንጋይ መጣ። የኢርማን ቦርሳ መታው።

«ምን አሉ?» ስትል ኢርማ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«እንኳን ደህና መጣሽ አሉ።»

«በድንጋይ?»

«የአገሩ ልማድ ነው።»

የተባባሉትን ሲሰማ ከት ብሎ የሳቀው አለነ ነው፤ እንግሊዝኛ ባያውቅም ነገሩ ከፊታቸው ገብቶታል። «እታለም፣ እውነት መስሏት ነገ ድንጋይ ትመልስላቸዋለች!»

ኢርማ ዘወር ብላ ልጆቹን «እንዴት ዋላችሁ» አለቻቸው። ሌላ ድንጋይ መጣ።

ማታ በአንድ ድንኳን ጀርባ ለጀርባ ተኙ።

«እናትሽ አለች?» አለች ኢርማ።

«አለች።»

«የእኔ ሞታለች። በጦርነቱ ቤታችን ላይ ቦምብ ወደቀ።»

ሰላይ እናቱን በከንቱ አያነሳም። ታየች ይህን ለምን ነገረችኝ እያለች ቆየች። እንቅልፍ እምቢ አላት።

ጧት አለነ በቅሎዎቹን ሲጭን አየችው። ኮርቻውን አንስቶ በአንዷ በቅሎ ላይ እንዲሁ ጣለው። ጀርባዋን በእጁ አልዳሰሰም። በቅሎዋ ሰቀጠጣት፤ ከኮርቻው ሥር ገጣባ ነበራት። በቅሎ የሚያከራይ ሰው ሚስቱን ይረሳል እንጂ የበቅሎውን ጀርባ ሳይዳስስ አይጭንም።

ታየች ይህን በልቧ ያዘችው።

ከሳንቃ በር ወዲያ፣ አፋፉ ላይ፣ በረዶ ያዛቸው። ጠጠሩ እንደ ባቄላ ይወርዳል። ከገደሉ ጫፍ አንድ ጎጆ ታየ። ውሻ ጮኸ። ታየች እንዴት ብላ መጣራት እንደሚገባት ስታስብ ኢርማ ቀደመቻት።

«የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን! አሳድሩን!»

ምላሷ እየተደናቀፈ ነበር። ቃሉ ግን አንድም አልጎደለም። ታየች ዞራ አየቻት። ይህን አላስተማረቻትም።

ደበሎ የለበሱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። እጃቸው ላይ ምንሽር ጠመንጃ አለ። አያ ቢያዝን ነበሩ፤ በጣሊያን ጊዜ ዱር የከረሙ አርበኛ፣ ጎጆው አጠገብ ካለው ምንጭ እስከ ገደሉ ድረስ ያለው መሬት ባለቤት።

«ይቺ ከየት ናት?»

«ከኦስትሪያ ናት፣ አያ» አለች ታየች።

«ከጣሊያን ይርቃል?»

ታየች «በጣም» ልትል አፏን ከፈተች።

«አይርቅም» አለች ኢርማ። «ጎረቤት ነው።»

ሽማግሌው ምንሽራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጄን የገደላት ከሰማይ የመጣ ነው» አሉ። «አውድማ ላይ።»

«እናቴንም ከሰማይ» አለች ኢርማ።

ከጎጆው ውስጥ የሴት ድምፅ ተነሣ። «አንተ ቢያዝን! በዚህ በረዶ ሰው ደጅ ይቆማል? አስገባቸው! ብትገድላትም ነገ ትገድላታለህ!»

ሚስታቸው እመት አበቡ ነበሩ።

ገቡ።

ጅብራ ለመሣል ብለው እዚያው ሰነበቱ፤ መንደሩ ግን አልተቀበላቸውም። ኢርማ ከእመት አበቡ ጋር ገብስ ስትለቅም የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ቆመው ይሳለቁባታል። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ «ጭላዳ ሴት ሆና መጣች» ይላሉ። ከተቀመጠችበት መደብ ላይ አመድ የሚበትኑ አሉ። ኢርማ እንስራውን በጀርባዋ ማዘል አቅቷት ሰበረችው። እመት አበቡ ሰደቧት። በማግስቱ ደግማ ወረደች። ታየች ይህን ሁሉ ጥግ ይዛ ትመለከታለች። እሷን ማንም አልሰደባትም፤ የቀረባትም የለም።

አንድ ቀን ዘዴ ሞከረች።

«እመት፣ በዚህ አካባቢ ሌላ እንግዳ አይመጣም?»

«እኛ አገር እንግዳ ይበላል እንጂ አይቆጠርም» አሉ እመት አበቡ፤ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ።

ከዚያ የማሩ ጧት መጣ።

ታየች ከምንጭ ስትመለስ ሁለት የመንደሩ ሽማግሌዎች ቤት ውስጥ ተቀምጠው አገኘች። ኢርማ አያ ቢያዝን ፊት ተንበርክካለች። በእጇ ነጭ ማር ያለበት ጣባ ይዛለች።

«ልጅዎ ልሁን» አለች በአማርኛ።

አያ ቢያዝን ታየችን አዩ። «ይህን አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

«አይደለሁም።» እውነት ነበር።

«ከመጽሐፍ ነው» አለች ኢርማ። «የድሮ ተጓዦች ጽፈዋል። ጣት የጠባ ልጅ ይሆናል።»

«መጽሐፍ አያጠባም» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ለታየች ተናገሩ። «በቋንቋዋ ንገሪያት። ይህ ጨዋታ አይደለም። ከጠባች የነካት ነካኝ። የእሷ ደም የእኔ ደም ነው። ግን አባት ነኝና ያልኳትን ትሰማለች። አንዱን ይዛ አንዱን መተው የለም።»

ታየች አንድም ሳታጎድል ነገረቻት።

«እሰማለሁ» አለች ኢርማ።

አያ ቢያዝን አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ። ጠባች። ሽማግሌዎቹ «ይጽና» አሉ። እመት አበቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲመለሱ ዓይናቸው ደርቆ ነበር።

«አንቺስ፣ ታየች?» አሉ። «ማሩ አላለቀም።»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት።

ብትጠባ በቃሉ ትታሰራለች። ይህን ያህል ታውቃለች። መስተዋቱ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጭኗን ይነካታል።

«እኔ አባት አለኝ» አለች።

አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል። እመት አበቡ ጣባውን ከደኑት።

በማግስቱ አያ ቢያዝን ኢርማን «የሚጠብቅሽ እንግዳ አለኝ» አሏት። ታየች ለማስተርጎም ተከተለች። በገደሉ ወገብ ላይ ለአንድ ሰው የምትበቃ መንገድ አለች፤ ከዚያ ዋሻ። ከዋሻው አንድ ጺሙ የጎፈረ፣ ጉንጩ የሟሸሸ ሰው ወጣ።

ሰጠኝ።

ሽማግሌው ጥለዋቸው ተመለሱ። ሰጠኝ እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ ታየች የምታስተረጉመው አልነበረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰማች።

«ይቺ ማናት?» አለ ሰጠኝ።

«ረዳቴ ናት» አለች ኢርማ።

«እንዲህ ነው እንግዲህ። ቁልፉን ሱዳን ስንገባ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል የለም።»

«አገርህን ለምን ትሸጣለህ?» አለች ኢርማ ድንገት። ጥያቄው ከሥራዋ ውጭ ነበር።

ሰጠኝ በምሬት ሳቀ። «የሸጠው ሌላ ነው። ምስጢሩን ለውጭ አገር ሰዎች የሚያቀብለውን ሰው መልእክት የፈታሁት እኔ ነኝ። ስሙ 'ዋርካ' ነው። ለበላይ ልናገር ስነሣ ገዳይ ላከብኝ። የመንግሥት ሰው ነው፤ ለማን እነግራለሁ? ስለዚህ ነፍሴን በምስጢሩ ልገዛ ተነሣሁ።»

ታየች ጣቶቿን በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። የከዳ ሁሉ እንዲህ ይላል፣ አለች ለራሷ። ሁሉም ዋርካ የሚለውን ስም ግን አያውቅም።

«ዕቃችንን ላሰናዳ» ብላ ወጣች።

አለነ ከበቅሎዎቹ ዘንድ ቆሞ ጠበቃት።

«ዋርካ ሰላም ብሎሻል፣ እንሶስላ።»

ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«አገኘሽው?»

«ገና ነኝ።»

«አትቅጠፊ። እዚህ ጭቃው ጥቁር ነው። ጫማሽ ላይ ያለው ነጭ ነው፤ የዋሻ ጭቃ። ይልቅ መስተዋቱን አብሪ። ሰዎቻችን መውረጃውን ይዘጋሉ። እዚህ ያለውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁለቱን ነዋ። ገደሉ ጥልቅ ነው። ፈረንጇ አበባ ስትቆርጥ አዳለጣት ይባላል።»

«ዋርካ አውሮፕላን ነው ያለኝ። ሰጠኝንም በሕይወት ነው የሚፈልገው።»

አለነ አፍንጫውን ነፋ። «ተማርኩ የምትዪው እንዲህ ሆነሽ ነው?»

ታየች ወደ በቅሎዎቹ ተመለከተች። ኮርቻ የተጫነው በአንዷ ላይ ብቻ ነበር።

«እኔስ በምን እወርዳለሁ?»

«በእግርሽ። ቀስ ብለሽ ትደርሻለሽ።»

ዓይኗን አላየም።

ገባት። ከዚህ ተራራ የሚወርደው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጉም ነው» አለች። «ያለ ፀሐይ መስተዋት አያበራም። ሲገለጥ አበራለሁ።»

አለነ ሰማዩን አይቶ ምራቁን ተፋ። «እንግዲያው ተነሺ፣ አፋፉ ላይ ጠብቂ። እኔ መንገዱን ልይዝ ነው።» ከጭነቱ መሀል በጆንያ የተጠቀለለ ነገር መዘዘ። ቤልጅግ ጠመንጃ ነበር።

ታየች ወደ አፋፉ አቅጣጫ ሄደች። ጉሙ ሲውጣት ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች።

አያ ቢያዝን ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ።

«አያ፣ ባለ በቅሎው ልጅዎን ሊገድላት ነው። እንግዳውንም።»

መጥረቢያው ቆመ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

ውሸት አላጣችም። ሦስት አራት መጣላት። አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«አብሬው ስለሆንኩ።»

ሽማግሌው አልተነሡም። ታየች ቶሎ ቶሎ ተናገረች። «እኔ የመንግሥት ሰላይ ነኝ። ኢርማ ሰውየውን ከነምስጢሩ ወደ ውጭ ልታሻግር ነው የመጣችው። እኔ ላስይዘው። አለቃዬ ግን ዋሽቶኛል። ሁላችንንም ሊያጠፋ ነው።»

እመት አበቡ በር ላይ ቆመው ሰሙ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አያ ቢያዝን መጥረቢያውን በዝግታ መሬት ላይ አስተኙት። ምንሽራቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

«ያንቺ ይቆይ» አሉ። «እመለስበታለሁ።»

በዋሻው ቀጭን መንገድ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ነበር። ታየች ከኋላቸው ቀረች። ከፊት፣ ከዋሻው ቅርብ፣ የአንድ ሰው ጀርባ ታየ። ተንበርክኳል። ጠመንጃውን አነጣጥሯል።

ሽማግሌው ማነጣጠር ይችሉ ነበር። ጀርባው ፊት ለፊታቸው ነው።

አላነጣጠሩም። ሰውን ከኋላ መምታት ዱር በከረሙበት ጊዜም አያውቁትም።

«አንተ!» አሉ። «ቢያዝን ነኝ! ዙርና ተኩስ!»

አለነ ዞረ።

ሁለት ጥይት ጮኸ።

አለነ አልጮኸም። መንገዷ ላይ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ። ከታች ድንጋይ እየተንኳኳ ወረደ፤ ከዚያ ምንም።

አያ ቢያዝን በዓለቱ ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። ደበሎው ከሆዳቸው በላይ በደም ረጠበ።

ኢርማ ከዋሻው ሮጣ መጣች። ነጠላዋን ቀድዳ ቁስሉ ላይ ጫነችው። ሰጠኝ ከኋላዋ ቆመ። ሽማግሌው እጇን ያዙት።

«ልጄ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ይህን ሰው ከአገር አታስወጪው። የቤት ገመና ደጅ አይሰጣም። አገሩ ላይ ቆሞ ይናገር። ሌባውን በስሙ ይጥራ።»

ታየች ልታስተረጉም ጀመረች። ኢርማ በእጇ አስቆመቻት። ገብቷታል።

ሰጠኝን ቀና ብላ አየችው። ለዚህ ሰው ብላ ነው ባሕር የተሻገረች። ከጀርባዋ የሚጠብቋት ሰዎች አሉ፤ ባዶ እጇን ብትመለስ የማይምሯት። ይህን ታየች ከፊቷ አነበበችው፤ የራሷም ፊት እንደዚሁ ነበርና።

«እሺ» አለች ኢርማ። «እሺ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ታየች አዞሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የእሷን ጉዳይ ግን ሳይጨርሱት ቀሩ።

ዓለቱን እንደተደገፉ አረፉ።

«ገበያው ላይ መስተዋቱ ጣቴን ነካው» አለች ኢርማ በመጨረሻ። በእንግሊዝኛ ነበር፤ ድምፅዋ ደርቋል። «ማን እንደሆንሽ የዚያን ቀን አወቅሁ።»

«ለምን አላባረርሽኝም?»

«የማውቀው ሰላይ ከማላውቀው ይሻላል። ከአንቺ የሚያስጥለኝ ሰው ግን ያስፈልገኝ ነበር።»

«ለዚህ ነው ማሩ?»

«ዘዴ ነበር» አለች ኢርማ። የሽማግሌውን ዓይን በመዳፏ ከደነች። «ነበር።»

ሰጠኝ ወደ ገደሉ እያየ ነው። «ጎንደር ብገባ ግማሽ ቀን አልኖርም።»

«በዋርካ በኩል አትገባም» አለች ታየች። «አዲስ አበባ፣ ከእሱ በላይ ያሉት ፊት ትቀርባለህ።»

«ማን ያምነኛል?»

«እኔ እመሰክራለሁ። አለነ ማን እንደላከው ከአፉ ሰምቻለሁ።»

«አንቺንስ ማን ያምንሻል?»



ለቅሶው ከየሸንተረሩ ሰው ሰበሰበ። ኢርማ እንደ ልጅ ፀጉሯን ተላጨች። እንደ ልጅ በሬሳው ራስጌ ቆመች። ትናንት ጭላዳ ያሏት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ደረት አስመቷት። አንደኛዋ ግን «እሷ ባትመጣ አይሞትም ነበር» ስትል ተሰማች። ኢርማ ሰምታ ደረቷን ይበልጥ መታች።

እመት አበቡ ታየችን ከአጥሩ ጥግ አገኟት።

«ማሩን እምቢ ያልሽው ለዚህ ነበር» አሉ። አልጮኹም። «የቢያዝን ወንድም ልጆች ደሙን የሚጠይቁት ከሞተው ባለ በቅሎ አይደለም። እሱን ማን አመጣው ይላሉ። ዛሬ ለቅሶ ነው፤ ሰው አይነካሽም። ከዛሬ በኋላ ግን ይህን አገር እንዳትረግጪው።»

«እመት…»

«ሂጂ ብዬሻለሁ።»

መውረጃው ላይ የዋርካ ሰዎች ነበሩ። የመስተዋቱን ብልጭታ ይጠብቃሉ። ታየችና ሰጠኝ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ወደ ዳባት በሚመለሱት ለቀስተኞች መሀል ገቡ። ለቀስተኛ አይፈተሽም። አንደኛው ጠባቂ ጭራሽ ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጥናችሁ» አላቸው። ታየች በነጠላዋ ሥር ታለቅስ ነበር። እንባው እውነተኛ ነው፤ መሸፈኛም ሆኗታል። ከሠራችው ሁሉ ያፈረችው በዚህ ነው።

ጎንደር ላይ ዙህራ በሩን ከፍታ አየቻቸውና ወደ ኋላ አላፈገፈገችም።

«ዋርካ መስተዋቱ አልበራም እያለ ሁለቴ ሰው ልኮብኛል። ምን ተፈጠረ?»

«ጥቁር ክር ነው» አለች ታየች። «ለሁላችንም። ዋርካ ራሱ ነው የሸጠን።»

ዙህራ ሰጠኝን ከእግር እስከ ራሱ መረመረችው። «ግባ። ክርስቲያንን እስላም ቤት መጥቶ የሚፈልግ የለም። ሥጋ የለም፣ ሽሮ ነው፤ እሱን ሁላችንም እንበላዋለን።»

ከቤቷ የሸማኔ ጉድጓድ ኋላ አስቀመጠችው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ከአዘዞ እስኪነሣ ድረስ የዋርካ ሰዎች አብያተ ክርስቲያናቱን፣ ጠጅ ቤቶቹን፣ የመኪና ማቆሚያውን አሰሱ። የፈትል ነጋዴዋን ቤት ያንኳኳ አልነበረም።

አዲስ አበባ ላይ ሰጠኝ ተናገረ። ታየች መሰከረች። ዋርካ ከፎቁ ወርዶ ወዴት እንደተወሰደ አልተነገራትም። ሰጠኝ በሕይወት አለ ተባለች፤ የት እንዳለ ግን አልተባለችም። ምስጢሩ ከአገር አልወጣም።

«ፈረንጇስ?» አሏት መርማሪዎቹ።

«ከተኩሱ በኋላ አላየኋትም።»

እንደዋሸች አወቁ። አልቀጧትም። አላመሰገኗትምም። ስሟን ከመዝገብ ፍቀው ደንቢያ፣ ኮላ ድባ ያለ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ አድርገው ላኳት። ሌላ ስም ሰጧት፤ ተቀበለች።

የመኸሩ እህል ወደ ገበያ በሚወርድበት ሰሞን አንድ ነጋዴ እግሩን በሾህ ተወግቶ መጣ። ወሬኛ ነበር።

«የእኔ አገር ዛሪማ ነው» አላት። «እኛ ጋ የሆነውን ብትሰሚ! አንዲት ፈረንጅ ራሷን ተላጭታ፣ ጦር በያዙ የሰሜን ሰዎች ታጅባ አልፋ ሄደች። የአባቷን አርባ አውጥታ ነው አሉ። ፈረንጅ አርባ ስታወጣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልሰማሁም።» ጥጡን አልኮል ነከረችው። «በሰላም ተሻገረች?»

«እስከ ድንበር አድርሰዋታል። የሟቹ ወንድም ልጆች ናቸው። አሁን ግን ሌላ ሰው ነው የሚፈልጉ። ገዳዩን ይዛባቸው የመጣች አንዲት የእኛው አገር ሴት አለች። በየገበያው ይጠይቃሉ። ትናንት ደንቢያ ገብተዋል ሲሉ ሰማሁ።»

እጇ አልቆመም። ሾሁን በወረንጦ ያዘችው።

«ምን ትመስላለች ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሴት ናት። እንዳንቺ፣ እንደ ማንም።» ሾሁ ሲነቀል ጮኸ። «ወይ! ቀስ በይ እንጂ!»

ደሙን ጠረገች። ቁስሉን አሰረችለት። ውሃ እንዳይነካው ነገረችው። እጇን ታጥባ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችና ወደ በሩ ዞረች።

«ተረኛ ግባ» አለች።